ክላሪኔቱን የነፋው ሰይድ ነው

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በስደት የኖርክበት የታራዴል ሰፈር ቤትህ ደህና ነው። እማዬ የምትሠራውን ሺፍት ቀነስ አድርጋለች። ጎረቤት እንዳይረበሽ ብለህ መኪናህን ውጭ ፓርክ አድርገህ ጋራዥ ውስጥ ክላሪኔትህን ስትነፋ የምትቀመጥበትን ወንበር ማንም አላነሳውም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለተጣላሁበት ነገር ነው።

አዲስ አበባ ሳለህ ከባንዳችሁ ጋር የቀረጻችሁት ሸክላ እንደገና ታተመ። እዚሁ መሀል ከተማ፣ ቤልትላይን ሰፈር ያለ አንድ ምግብ ቤት እሑድ ከሰዓት ሊያሰማው ሰው ጠርቶ ነበርና ሄድኩ። ሽፋኑን ገልብጬ ሳየው የሁሉም ስም አለ፤ ያንተ ቦታ ላይ "ክላሪኔት፦ ያልታወቀ" ይላል። ደሜ ፈላ። ጃዝ ለከተማው ገና እንግዳ በነበረበት ጊዜ የወሎህን አምባሰል በክላሪኔት ያስገባኸው አንተ ነህ። የዜማውን መጨረሻ እንዴት ዝቅ አድርገህ እንደምትለቀው ለመስማት ሳክስፎን የሚነፉት ሁሉ ልምምዳችሁ ላይ ይመጡ እንደነበር ድራም ይመቱልህ የነበሩት ጋሽ ተክሌ ነግረውኛል። አንተማ ስለ ራስህ አታወራም ነበር። እዚህ በምትነዳው ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ ሙያህን ሲጠይቅህ መልስህ "ሾፌር" ነበር።

ተነሳሁና ዝግጅቱን የሚመራውን ሰው "የአባቴ ስም የት ሄደ?" አልኩት።

"እህቴ፣ ማስረጃ የለም። የባንዱ ሰነድ ጠፍቷል።"

ያን ቀን ኤርትራዊ ወዳጅህን ጋሽ ተክሌን ከጎረቤት ከተማ ከኤርድሪ ይዣቸው መጥቼ ነበር። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ሰነዱ እኔ ነኝ" አሉት። "አጠገቡ ተቀምጬ ድራሙን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ስሜ እዚያው ተጽፏል። የሰይድን ትንፋሽ አያውቁትም ልትለኝ ነው?"

ሰውዬው የአሳታሚውን አድራሻ ጽፎ ሰጠኝ።

በማግስቱ ለአሳታሚው ጻፍኩ። "ሰይድ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናስገባለን" አሉኝ። ወንድሜ "በቃ ተቀበያቸው፣ ለሞተ ሰው ምን ይረባዋል" አለ። አልተቀበልኩም። አንተ "ሳይሆን አይቀርም" አይደለህም። ጋሽ ተክሌን ቃላቸውን አስፈርሜ፣ ክላሪኔትህን ይዘህ ከባንዱ ጋር የተነሳኸውን ፎቶ ጨምሬ ላክሁ። ዝም ሲሉኝ ደግሜ ላክሁ፤ ሠለስኩ። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ሽፋን ደረሰኝ፤ ስምህ ከነአባትህ ስም ሰፍሯል። እማዬ በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበችው።

አባዬ፣ ዝምታ ጨዋነት ነው ብለህ ነበር ያሳደግከኝ። በዚህ አልታዘዝህም። ስምህ በሚነሳበት ቦታ ተቀምጬ አዳምጣለሁ፤ በሚዘለልበት ቦታ ግን ሁልጊዜ እነሳለሁ።

ልጅህ ዘሃራ