ከነጥቁር ልብሴ የወጣሁበት መንኮራኩር

ልጄ፣ ፈጣሪ እጅህን ይባርከው። ለማንም ያልነገርኩትን ዛሬ ልንገርህ።

አባትህ ከሞተ ዓመት ሳይሞላው፣ ለጥምቀት ባኬ ጃማ ሜዳ ላይ ወንበሮች የተንጠለጠሉበት፣ በእጅ የሚዞር የእንጨት መንኮራኩር ተተክሎ ነበር። አንተ ብቻህን መውጣት ፈራህ። የሚያዞረው ሰውዬ «ሃርሜ፣ እናቴ፣ አብረሽው ውጪ እንጂ!» ሲለኝ ከነጥቁር ልብሴ ወጣሁ፤ በነጠላዬም ከወንበሩ ጋር አሰርኩህ። ከላይ ሆኜ ነቀምቴ ሁሉ ሲታየኝ ሳቅሁ። ባሌን ቀብሬ የሳቅሁት ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ሲከሰኝ ኖሯል።

ትናንት ለመዝናኛ ቦታው የነደፍከውን ባቡር በባለሱቋ በኸይሪያ ስልክ አየሁ። ሰማይ ጥግ ወጥቶ ከነሰዉ ተዘቅዝቆ ሲወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ደግሞ «ሱብሃነላህ! ያ ከረሜላ ሲለምነኝ የኖረው ልጅ ነው ይኼን ያሰበው?» ትላለች። የላክህልኝን ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፤ ተሳፋሪውን የሚይዘው ብረት ባቡሩ ሳይቆም አይከፈትም ይላል። ያን ሁሉ ነፍስ ይዘህ በደህና ታወርዳለህ፤ ሁሉም እየሳቁ ይወርዳሉ። ጉድ ነው ልጄ! ደክሞህ ሳለ ግን ስሌት አትሥራ።

አንድ ነገር ልለምንህ፤ ከልጅ አጠገብ የእናት ቦታ አትርሳ፣ ጥቁር የለበሰችም ብትሆን።

ይህ ወረቀት ይድረስ፣ ያን ቀን ስስቅ አይቶ «እማ፣ እንደገና!» ላለኝ ልጄ ለጋሮማ።