በደብተርሽ ላይ ስላለው ማጭድ አፍ ወፍ

ለተከበርሽው ባለቤቴ ለጽጌ፤

የሚከተለውን ዜና በታላቅ ሐዘን አሳውቃለሁ፦ ጓሮ የሰቀልሽው የወፎች ጥሬ ማስቀመጫ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስኩረል በሚሉት አንድ ወፍራም የዛፍ ሽኮኮ ተገንጥሎ ወድቋል። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ተጠርጣሪው እስካሁን በቁጥጥር ሥር አልዋለም፤ እንዲያውም አጥሩ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ከሄድሽ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤቱ ያው ነው። ወንበርሽ ላይ ልብስ ይከመርበታል፤ ብትኖሪ ትጮሂብኝ ነበር፤ የምከምረውም ለዚሁ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲመጡ «እሷማ አርፋለች» ይሉኛል። አንቺ ማረፍ መቼ ታውቂና! ሰማይ ቤትም ሳይነጋ የሩቅ ማያ መነጽርሽን አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ መላእክቱን «ዝም በሉ፣ ወፉ ይበርራል» እያልሽ እንደምታስቸግሪ አልጠራጠርም።

ልጽፍልሽ የተነሳሁት ግን ለስኩረሉ አይደለም። ለደብተርሽ ነው።

የልጅ ልጃችን ሊዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ አትላንታ ዳር ካለው ደንዉዲ እየመጣች፣ አልማ አታ ተማሪዎች ሳለን የጀመርሽውን የወፍ ደብተር ስካን ታደርጋለች። ወፍ የሚከታተሉ ሰዎች ያዩትን የሚያሰፍሩበት ዌብሳይት አለ አሉ፤ የካዛኽስታኑን ሁሉ በስምሽ እዚያ ልታስገባ ነው። ቀኑ፣ ቦታው፣ ስንት እንደነበሩ፣ ነፋሱ ሳይቀር ተጽፏል። «ሲበርዳቸው ወደኛ አገር ይወርዳሉ» ያልሽኝ፣ እኔም «ያለ ቪዛ!» ብዬ የሳቅኩባቸው የሜዳ ንስሮችም አሉበት። አንድ ሕግ ነበረሽ፤ በገዛ ዓይንሽ ያላየሽው አይጻፍም። ፕሮፌሰርሽ ራሱ አየሁ ቢልሽ አትጽፊም ነበር።

ከአንድ መስመር በስተቀር።

ከከተማው በላይ ወዳለው የተራራ ሐይቅ የወጣን ቀን የምትፈልጊው አንድ ወፍ ብቻ ነበር። ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ቀይ ምንቃሩ ወደ ታች የጎበጠ፤ ወንዝ ዳር ከድንጋይ መሐል ሲቆም ድንጋይ የሚመስል። ሩሲያኛ ስሙ «ማጭድ አፍ» እንደማለት ነው። «መዶሻውንስ የት ጣለው?» ብልሽ አውቶቡስ ውስጥ ቆነጠጥሽኝ። ስንደርስ እግርሽ ወለም አለና የጥበቃው ጎጆ ቀረሽ። መነጽሩን አንገቴ ላይ አጥልቀሽ «አንተ እንኳ እይልኝ» ብለሽ ላክሽኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? ከመጀመሪያው ቋጥኝ ጀርባ ጋደም ብዬ ሲጋራዬን አጨስኩ። እንቅልፍም ወሰደኝ። ስመለስ «አየሁት! ውሃ ሲጠጣ!» አልኩሽ። ምልክቱን አንድ በአንድ ጠየቅሽኝ፤ አውቶቡስ ውስጥ ስታነብቢልኝ የነበረውን መልሼ አነበነብኩልሽ። ፊትሽ እንዴት በራ! ቀልድ ነበር፤ ማታ ልነግርሽ አስቤ ነበር። እስከ ማታ ግን ሕግሽን ጥሰሽ፣ «እሱ አይቶታል» ብለሽ ከነስሜ ጽፈሽዋል። በማግስቱ ፕሮፌሰርሽ እጄን ጨበጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ። እዚህ አትላንታ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔ ያላየሁትን እሱ አይቶልኛል» ትዪ ነበር፤ እኔም ሜዳሊያ እንደተሸለመ ሰው አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። ጡረታ ስትወጪ ልጃችን «ቲኬት ልቁረጥላችሁ፣ ሂዱና አብራችሁ እዩት» አለ። «እኔ አይቼዋለሁ፤ ወፍ ሁለት ጊዜ ቢታይ ምን ይጨምራል?» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ። የፈራሁት ግን ሐይቁ ዘንድ ስንደርስ «የቱ ድንጋይ ጋ ነበር?» ትይኛለሽ ብዬ ነው። ለከርሞ ተባለ። ለከርሞ ሆስፒታል ገባሽ።

ባለፈው ቅዳሜ ሊዲያ እዚያች መስመር ላይ ደረሰች። «አባባ፣ ላይክ፣ ሪሊ አይተኸዋል? ይሄ እኮ በጣም ሬር ነው» አለችኝ። አስተያየቷ ቁርጥ አንቺን ነው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሲጋራውን፣ እንቅልፉን፣ ቲኬቱን። ሰማችኝና «ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ!» ብላ ሳቀች። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፤ መስመሯንም ዘለለቻት። ደብተርሽ ንጹሕ ሆነ።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅር ካልሽኝ በምን ልብሰለሰል? «አልረሳሽም» የሚለውንም ሌላ ሰው ይበልልሽ። እኔ ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ነው፤ ጎጆው በር ላይ ያበጠ እግርሽን ዘርግተሽ ተቀምጠሽ፣ ስመጣ ስታዪኝ በአንድ እግርሽ ብድግ ያልሽበትን ቅጽበት፣ ገና ምንም ሳልዋሽሽ በፊት፣ ዓይኔ እስኪከደን ከፊቴ አላነሳውም።

እና ጽጌዬ፣ አንቺን ሁለተኛ መዋሸት ከበደኝ። ለሊዲያ ነገርኳት ያልኩት ፈጠራ ነው። «አሁን አንቺን እንደማይሽ አድርጌ አይቼዋለሁ» ነው ያልኳት። «ኦኬ» አለችና ወፉን ዌብሳይቱ ላይ አስገባችው። በስምሽ።