በአክስቴ ጣት የተጨረሰው ጌም

ለምወድሽ እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? እንቅልፍሽስ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጠግቤ አድራለሁ፣ ብርድ ልብሴም ወፍራም ነው። ያንቺን መልስ ገና ሳትናገሪው አውቀዋለሁ፤ «እኔ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው» ትይኝና ስልኩን ለአክስቴ ታቀብያለሽ። ዛሬ መጻፌም ለዚህ ነው። ደብዳቤ ለአክስቴ አይተላለፍም፤ ራስሽ ታነቢዋለሽ።

የምንሠራውን የስልክ ጌም ታውቂዋለሽ። ቁርጥራጭ ቧንቧዎችን እያዞሩ ማገናኘትና ውሃውን እስከ ደረቀችው ዛፍ ማድረስ ነው። ሥዕሉ አብሮኝ የሚሠራው ሠዓሊ ሥራ ነው፤ ሰው ጣቱን እንዴት ሲያንቀሳቅስ ምን እንደሚሆን የምወስነው ደግሞ እኔ ነኝ። ቧንቧው የሚዞረው በሁለት ጣት ነበር፤ አንዱን ተክሎ በሌላው መጠምዘዝ። ለዓይን ሲያምር ለጉድ ነው፤ ሠዓሊው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

እንዲሞክሩልን ከሰጠናቸው አንዷ ከክፍላችን በታች ባለው ቤት የምትሠራው ፀጉር ሠሪ ናት። «ቀኑን ሙሉ መቀስ ይዞ ያልደከመ ጣቴን እናንተ ጨመደዳችሁት፤ ጌም ነው ወይስ ልብስ መጭመቅ?» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። ከፋኝ። «እናቴ በዚህ ዕድሜዋ እስከ መጨረሻው ተጫውታዋለች!» አልኳት፤ «ጨርሼዋለሁ፣ ግሩም ነው» ብለሽኝ አልነበር? ሠዓሊውም ቅሬታ በመጣ ቁጥር «የታይፒስቷ ልጅ፣ እናትሽ ችላው የለ እንዴ? የቀረው ስንፍና ነው» ይለኝ ጀመር። እንዲህ እያልን ሁለት ጣቱን አጸደቅነው።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ደወለች። የሠፈሩን ኩርፊያ ሁሉ ዘርግፋ ስትጨርስ፣ «ለመሆኑ ጌማችሁ ላይ የኔ ስም የማይወጣው ለምንድን ነው? እናትሽ መነጽሯን ሰክታ ‹ወደ ቀኝ! ቀኝሽን አታውቂም እንዴ?› እያለች ታዛለች፤ ያዞርኩት እኔ፣ የተመሰገነችው እሷ!» አለችኝ። ሳቀች፣ ሳቅኩ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ፤ ያዞርሽው አንቺ አልነበርሽም። ያንቺ ጣት? አለቃሽ ተናግሮ ሳይጨርስ ጽፎ የሚጠብቀው ጣት? ስጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠዋት ጠዋት የሹራቧን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ፤ እንዳትነግሪያት» አለች። ይኸው ነገርኩሽ፤ እሷን ግን አደራ እንዳትቆጫት።

አልተቀየምኩሽም፣ እማዬ። ልጄ በሰው አገር አትጨነቅ ብለሽ ነው። ግን እኔ ለማላውቀው ሰው አውራ ጣት ስጨነቅ እየዋልኩ፣ ያሳደገኝ እጅ እንደታመመ አለማወቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

ለሠዓሊው እውነቱን ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ጌሙ የሚወጣው በዚህ ወር መጨረሻ ነው፤ አዟዟሩ ከተለወጠ እያንዳንዱን ቧንቧ እንደገና ሊሥል ነው። በመጨረሻ፣ «በወሬ አጸደቅነው፣ በወሬ ደግሞ አናፈርሰውም። እናትሽ ራሷ ሞክራ ትንገረን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ክፍል እየዋልን ሰላምታችን እንኳ ቀዝቅዟል። እሱ አለመሳሳቱን ማየት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ጌሙ አንቺን የመሰለውን ሰው ሁሉ ከበር እንዳይመልስ እፈራለሁ።

አዟዟሩን የለወጥኩበትን አዲሱን ጌም ስልክሽ ላይ ልኬልሻለሁ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኚው፤ መያዝ የለም፣ መጠምዘዝ የለም። ቧንቧውን ነካ ስታደርጊው ራሱ ይዞራል፤ በግራም በቀኝም፣ በፈለግሽው ጣት። ከተሳሳትሽ ወደ ኋላ የሚመልስሽ ትልቅ ምልክት ከታች አለ። ማንም አያጣድፍሽም። አክስቴን ገበያ ላኪያትና ብቻሽን ሞክሪው። ሲያምሽ አቁሚ፤ የት ላይ እንዳቆምሽም ንገሪኝ። ልጄን ደስ ይበላት ብለሽ ግን «ግሩም ነው» እንዳትይኝ፤ እሱን ከአንቺ ሰምቼ የደረስኩበትን አይተሻል።

አክስቴን ጣቶቿን ሳሚልኝ፤ ስሟ ይወጣል በያት። ወንድሜን ስልክ ማንሳት ይልመድ በይልኝ። ሚስቱን እቅፍ አድርጊያት፤ ትንሿን ልጃቸውን ጉንጯን ንከሽልኝ።

አንቺን ደግሞ፣ እማዬ፣ አሁን እንደገና «እንደምን ነሽ?» እልሻለሁ። ለወግ አይደለም። የትኛው ጣትሽ ነው? ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ? ሁሉንም አንድ በአንድ ንገሪኝ። በድምፅሽ ቅጂና ላኪልኝ እንጂ እንዳትጽፊ።

ልጅሽ

ከፀጉር ቤቱ በላይ ካለችው ክፍላችን
ኅዳር ፲፪ ቀን