ብየዳ ቤታችን ስለደረሰበት፣ ለእማዬ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የአባዬስ ሳል ለቀቀው? አያቴስ? ትንሹ ወንድሜስ አሁንም እንዳስቸገረሽ ነው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እናትን ዋሽቶ የት ይደረሳል? ግራ እጄ ተቃጥሏል። የምጽፍልሽ ቀኙ ስለተረፈልኝ ነው።

የሙያ ትምህርት ቤቱ መምህራችን «ስትመረቁ ማን ይቀጠራል? ማንስ የራሱን ይከፍታል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ለራሳችን እንከፍታለን ብለን እጅ ያወጣነው እኔና ከቅጥነቱ የተነሳ «ሚስማር» የምንለው የክፍል ጓደኛዬ ብቻ ነበርን። ሌላው ሳቀብን። እኛ ግን ከዋናው መንገድ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ይዘን መበየድ ጀመርን። እዚያው አጠገባችን መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮም የመስኮት ፍርግርግ አዘዘችን።

ልምምድ የወጣንበት የብረታ ብረት ቤት ባለቤት ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት፣ ፍርግርጉን እየበየድን ሳለ፣ ሁለት ጎረምሶች በር ላይ አቁሞ ገባ። «ባጎረስኩ እጄን ነከሳችሁኝ!» ብሎ መበየጃችንን በመዶሻ አደቀቀው። ሚስማር ሊያስጥል ሲል ሰውየው መዶሻውን ጥሎ ቀኝ ክንዱን በብረት ዘንግ መታው፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማሁት። እኔ ዘልዬ የሰውየውን አንገት አነቅኩ። ግራ እጄን ጠምዝዞ ትኩሱ ብረት ላይ ጫነው። የቆዳዬ ሽታ እስካሁን ካፍንጫዬ አልወጣም።

ያኔ፣ እማዬ፣ መዶሻውን አንስቼ ጉልበቱን መታሁት። ወደቀ። ሁለተኛውን ለጭንቅላቱ አነሳሁ። ሚስማር መሬት ላይ ተጋድሞ «ተይ! እንዳትገድዪው!» ብሎ ባይጮህ ኖሮ ይህን የምጽፍልሽ ከእስር ቤት ነበር።

በማግስቱ ለፖሊስ ከሰስነው። ትናንት ሰውየው ሽማግሌ ልኮ «ክሱን ተዉት፣ ሁለታችሁንም በቋሚነት እቀጥራለሁ» አለን። ተቀጥሬ ብታዪኝ ደስታሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ብትቀየሚኝም እምቢ ብያለሁ። ሐሙስ ፍርድ ቤት ቀርቤ የሱንም ዘንግ፣ የኔንም መዶሻ አንድ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

መምህራችን የትምህርት ቤቱን ወርክሾፕ ከፍቶልናል። ሚስማር በግራው ይይዛል፣ እኔ በቀኜ እበይዳለሁ፤ ሁለት ሰዎች ተደምረን አንድ ሠራተኛ ወጣን። ፍርግርጉ ትንሽ ጠሟል። ሴትዮዋ ግን ነቅንቃ አየችውና «እሱን ማን ይገነጥለዋል!» አለች።

አያቴን ጉልበቷን፣ ትንሹን ወንድሜን ጉንጩን ሳሚልኝ። ለአባዬ የመዶሻውን ነገር አንቺው ቀስ ብለሽ ንገሪው። ለሱ ራሴ ልጽፍ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ጨምድጄ ጣልኩ።

ልጅሽ
ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ኅዳር 9 ቀን