የገነባሁት ሰውነቴን እንጂ ቤት አይደለም

ለግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ኅዳር 9

ጉዳዩ፦ በእናቴ ቤት ላይ የተለጠፈው የማፍረሻ ትዕዛዝ እንዲነሳልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ላለፉት ሦስት ዓመታት በተከታታይ በሰውነት ግንባታ ውድድር የአገር ሻምፒዮን ስሆን፣ በዚህ ወር መጨረሻም ክብሬን ለማስጠበቅ መድረክ ላይ እወጣለሁ። ይህን የምጠቅሰው ለጉራ አይደለም። ትንሽ ለጉራም ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ችግሩ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ከሙያዬ ስም በመሆኑ ነው።

1. ባለፈው ወር መታወቂያዬን ለማሳደስ ወደ አካባቢያችን መዝገብ ቤት ሄድኩ። መዝጋቢዋ ቀና ሳይሉ «ሥራ?» አሉኝ። «ሰውነት ገንቢ» አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። እሳቸውም «ሰውነት» የሚለውን የአንድ ግንባታ ድርጅት ባለቤት ስም አድርገው ወሰዱት። እንዲህ የሚባል ሰው በየሰፈሩ ስላለ አልፈርድባቸውም። ቀጥለው ሥራው ተጠናቆ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ይህ ሥራ ማለቂያ እንደሌለው አስረዳኋቸው። ፈቃድ እንዳለኝ ሲጠይቁኝ «ለዚህ ደግሞ የምን ፈቃድ?» ብዬ ሳቅኩ። ዘንድሮ ምን ልጨምር እንዳሰብኩ ሲጠይቁኝ፣ ቁመት ከእንግዲህ እንደማይሞከር፣ የቀረኝ ወደ ጎን መስፋት ብቻ እንደሆነ በኩራት ተናገርኩ። ለስፖርት ጋዜጠኛ ቢሆን ጥሩ መልስ ነበር። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን «ሰውነት የግንባታ ድርጅት፤ በመኖሪያ አድራሻው ያለ ፈቃድ ወደ ጎን እየተስፋፋ ያለ ግንባታ» የሚል ነው።

2. የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ ሜትራቸውን ይዘው ቤታችን ሲመጡ እኔ ጂም ነበርኩ። ያገኙት እናቴን ነው። እናቴ ስለ እኔ የሚጠይቃት ሰው ካገኘች ወንበር አቅርባ ነው የምትጀምረው። «እማማ፣ እዚህ ቤት ገንቢ አለ?» ሲሏት «አለ እንጂ» አለቻቸው። ፈቃድ ነበረው ወይ ሲሏት ደግሞ ሆዷ ውስጥ የቆየውን ሁሉ ዘረገፈችው፦ «ኧረ የምን ፈቃድ። ሲጀምርም ከእኔ ተደብቆ ነው፣ በጓሮ። አባቱ በሕይወት ቢኖር አይሞክራትም ነበር። ኋላ እየገዘፈ ሲመጣ ምን ላድርግ፣ ዝም አልኩ። አሁንማ የጎረቤት አጥር ሊነካ ምንም አልቀረው።»

እናቴ እውነቷን ነው። ሙያዬን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባታል። መጀመሪያ ስወዳደር አዳራሽ መጥታ፣ በዘይት ተቀብቼ በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ብቅ ስል ስታይ፣ ከመቀመጫዋ ተነስታ «ምነው ልብሱን አትሰጡትም?» ብላ ዳኞቹን ተቆጥታለች። ያን ዕለት ከመጨረሻ አንደኛ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ዕንቁላሌን የምትቀቅለው፣ ውድድር ሲቃረብ ጨው የምትነፍገኝ፣ ጀርባዬን ዘይት የምትቀባኝ እሷ ናት።

ተቆጣጣሪው ወደ ጓሮ ሲዘልቁ አሸዋ የተሞሉ ሁለት የቀለም ቆርቆሮዎችና አንድ የዛገ ብረት አገኙ። በሪፖርታቸው ላይ «ለግንባታ የተዘጋጀ ዕቃ» ተብለዋል። በጉርምስናዬ ክንዴ ከመጥረጊያ እንጨት አይወፍርም ነበርና፣ እነዚያን ቆርቆሮዎች በብረቱ ጫፍና ጫፍ አንጠልጥዬ ሳነሳ ነው ያደግሁት። ለግንባታ መዘጋጀታቸውስ እውነት ነው።

3. ትዕዛዙ ግንባታው እስከ ሰኞ በራሳችን እንዲፈርስ፣ ካልሆነ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ እንደሚያፈርሰው ይገልጻል። የትኛው ክፍል እንደሆነ ስለማይል ሁሉም ነው ማለት ነው። ትዕዛዙ በተለጠፈ ማግስት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ከክፍል ክፍል ስንከራተት ዋልኩ። አንደኛው ባለሙያ የመሐንዲሴን ስም ጠየቁኝ። መሐንዲስ የለኝም፣ አሠልጣኝ አለኝ አልኳቸው። ለምስክርነት ያመጣሁት አሠልጣኜም ስሙን ሲጠየቅ እንደለመደው የጂም ቅጽል ስሙን «ብሎኬት» ማለቱ ነገሩን አባባሰው። በመጨረሻ በዓይን ቢታይ ይሻላል ብዬ ጃኬቴን ሳወልቅ፣ ጥበቃው ለጠብ የተነሳሁ መሰለው። ሊያስወጣኝ ገፍቶ ገፍቶ ሲያቅተው «ወንድሜ፣ ሥራዬን እንዳታሳጣኝ፣ እባክህ ውጣልኝ» ብሎ ለመነኝ። አዝኜለት ወጣሁ።

እስከዚህ ያለውን እኔም ስቄበታለሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ከአባቴ ጋር ከተጋቡ ጀምሮ የኖረችው እዚያ ቤት ነው። የቃላት መመሳሰል ነው ብዬ ባስረዳት «ማኅተም አለው እኮ» ትለኛለች። ከሁሉ የሚያንገበግባት ደግሞ ለተቆጣጣሪው የተናገረችው ነው፤ «በገዛ አፌ ቤቴን አስፈረስኩ» እያለች ራሷን ትረግማለች። ሳህኖቿን በጋዜጣ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ከታለች። የሰርግ ፎቷቸውን ከግድግዳው አውርዳለች። በር ሲንኳኳ አፍራሾቹ የመጡ ይመስላትና ቀጥ ብላ ትቀራለች። እህል አይወርድላትም። እሷ ሳትበላ እኔ መብላት አልሆነልኝም፤ ውድድሩ ደጅ ደርሶ ሳለ ዕንቁላሉን እያየሁት እተወዋለሁ። ትናንት አሠልጣኜ ትከሻዬን ጨብጦ «አንተ፣ መፍረስ ጀምረሃል» አለኝ። ስለዚህ ትዕዛዝዎ በከፊል መፈጸም መጀመሩን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

በመሆኑም፦

ሀ) ትዕዛዙ ከሰኞ በፊት እንዲሻር፤

ለ) ለመዝገብ ቤቱ ተጽፎ ሥራዬ በመዝገቡ ላይ «ስፖርተኛ» ተብሎ እንዲታረምልኝ፤

ሐ) የሚቻል ከሆነ ተቆጣጣሪው ራሳቸው ቤታችን መጥተው፣ ቤቱ እንደማይፈርስና ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ለእናቴ በአንደበታቸው እንዲነግሩልኝ እለምናለሁ። በደብዳቤ ብቻ ከሆነ ማኅተሙ እንዳይደበዝዝ ይታዘዝልኝ፤ አጥብቃ ነው የምታየው።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህ ውድድር ቢያመልጠኝ ሌላ ዓመት አለ። የቀለጠውን ጡንቻም ዕንቁላልና ብረት ካለ መልሼ አመጣዋለሁ፤ የማውቀው ሙያ እሱ ነው። የእናቴ ቤት ከፈረሰ ግን መልሼ ልሠራላት አልችልም፤ ሚስማር እንኳ ሳላጣምም መምታት አላውቅበትም። በመዝገቡ የተጻፈው ሐሰት ነው። እኔ ገንቢ አይደለሁም።

ካርቶኖቿ መሐል ተቀምጣ መልስዎን ከምትጠብቀው እናቴና ከእኔ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
አመልካቹ ስፖርተኛ