ሴትዮዋ ከደወለች

እታለም፣

ሥራ ገባሁ። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቂው።

ስልኬን ሆን ብዬ ነው የተውኩልሽ። ለመማር ቦታ የጠየቅኩበት የቋንቋ ትምህርት ቤት ሴትዮ ትናንት ደውላ ነበር። አንቺ ተኝተሽ ነበር፤ "አስተርጓሚሽ አይደለሁም" ካልሽኝ ወዲህ ደግሞ መቀስቀስ ፈራሁ።
እውነትሽን ነው፣ አሰልችቼሻለሁ።

ሴትዮዋ በዚህ አገር ቋንቋ ብዙ አወራች። እኔ "እሺ፣ እሺ" አልኩ፤ ሌላ ቃል ከየት ላምጣ? አንድ ነገር ደጋግማ ጠየቀችኝ። አሁንም እሺ ስላት ስልኩን ዘጋችው። ቦታ ሰጥታኝ ይሁን ከልክላኝ አላውቅም። ለካ ቋንቋ ለመማርም ቋንቋ ይጠይቃል!

ዛሬ መልሳ ከደወለች አንሺልኝ።
ደክሞሽም ቢሆን አንሺልኝ።
ቦታዬን ለሌላ ሰው ሰጥታው ከሆነ ለምኚልኝ። እኔ መለመኛውን ቃል አላውቀውም።