ጉንጬን ማን ገደለው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬ አሥራ አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠራሁ። ስድስት የላይ፣ አምስት የታች። ትናንት የጨረስኩትን የአንድ ሽማግሌ ሙሉ የላይ ጥርስ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ መለሰብኝ። "በጣም ነጣ" አለ። ሰውየው ሰባ ዓመቱ፣ ጥርሱ ሃያ። እውነቱን ነው፣ ግን አናደደኝ።

ከሥራ ስመለስ እማዬ በሩ ላይ ከተሰቀለው ካፖርት ጋር ስታወራ ደረስኩ። "ምነው ዝም አልክ? አኩርፈህ ነው?" ትለዋለች። ታናሽ ወንድሜ መስሏት። ሳቅኩ። ከዚያ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ትንሽ ብቻ።

ሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ አለ። ዶክተሯ "ቀኙን ቶሎ እንግፈፈው" ብለዋል። ታናሼ ዛሬ ነገ ሳይባል ይሁን ይላል። እኔ እንቆይ እላለሁ። ምን እንደምንቆይ... እንጃ። "አንተ ስትመርጥ ሰው ይሞታል" አልኩት። እንደ ልማዴ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ታናሼ አሮጌውን የጌም ማሽን ከነአቧራው ከቤቱ ተሸክሞ መጣ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እኔና እሱ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተጣድንበት የወንጀል ጌም አሁንም ውስጡ አለ። መርማሪ ሆነን ዝናብ ውስጥ ገዳይ እናሳድዳለን፤ በየመሐሉ "ይሄን ወይስ ያንን?" ይለናል፤ ታሪኩም በምርጫችን ይሄዳል። የመርማሪው ምክትል ወፍራም፣ ደግ፣ ኪሱ ብስኩት የማያጣ ፖሊስ ነበር። ጉንጬ ነበር የምንለው። መጋዘኑ ሲቃጠል "እሳቱ ውስጥ ግባ" ወይስ "እርዳታ ጥራ" ተባልን። ታናሼ እርዳታ ጠራ። ጉንጬ ሞተ። ሁለት ቀን እራት አልበላሁም።

ከዚያ ወዲህ ታናሼ አንድም ነገር መርጦ አያውቅም። የሶፋ ቀለም እኔ። የታክሲ መንገድ እኔ። ሚስቱን ብቻ ራሱ መረጠ፣ እሱንም እኔ ሳልሰማ።

"እንደገና እንጫወተው" አለኝ። "ጉንጬን ካዳንኩት እማዬ ትታከማለች። ከገደልኩት ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።"

"የሰው ዓይን በጌም?"

"ፈራሽ?"

እሺ አልኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እሺ አልኩ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ያረጀነው እኛ ነን ወይስ ጌሙ? ያኔ "ከፊልም በምን ይለያል!" ያልንለት... ሰዎቹ ሰም የተቀቡ ይመስላሉ። መርማሪው ከዶፍ ዝናብ ገብቶ ጸጉሩ ደረቅ። አንዲት በር ለማለፍ ሦስት ጊዜ ከግድግዳ ጋር ይላተማል። ፍሪጅ ለመክፈት ቁልፍ ተጫን፣ ለመዝጋት ተጫን። ይሄን ነበር ትንፋሻችንን ውጠን የምንጠብቀው? ጥርሱን ሲቦርሽ ደግሞ አንድ ጎኑን ብቻ! በሙያዬ ተናደድኩ። ልብ ብዬ ሳይ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጥርስ ነው ያለው። መርማሪው፣ ሚስቱ፣ ሬሳው። አንዱን ሠርተው ለከተማው በሙሉ አድለውታል። እኔ ባደርገው ሐኪሙ ፊቴ ላይ ይወረውረው ነበር።

እማዬ ግን መሐላችን ተቀምጣ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። ቴሌቪዥኑ ለሷ የሚንቀሳቀስ ጭጋግ ነው። ቋንቋውንም ስለማትችል እኔ እተረጉምላታለሁ። "እንዴት ያለ መልከ መልካም ሰው ነው!" አለች መርማሪውን። "ድምፁ ያስታውቃል።" ታናሼ ሊናገር ሲል በክርኔ ጎሸምኩት።

እሁድ፣ ጥቅምት 9
እማዬ በትርጉሜ አማረረች። "ያን ሁሉ ተናግሮ 'አዝናለሁ' ብቻ ነው ያለው?"

"ስድቡን እየዘለልኩ ነው እኮ" አልኳት።

"ስድቡንም ንገሪኝ! የተናደደ ሰው ሳይሳደብ እንዴት አድርጌ ልመነው?"

ነገርኳት። ደስ አላት። አንዱን ደግሜ እንድለው ጠየቀችኝ።

ሬሳ መርማሪው ሐኪም ገና ሁለት ጊዜ እንደተናገረ "ይሄ ነው የገደለው" አለች። እንዴት አወቅሽ? "መልስ ከመስጠቱ በፊት ምራቁን ይውጣል።" እኛ ያኔ ደብተር ይዘን፣ ቀስት ስለን፣ ስንት ቀን ተጨንቀን በስህተት ያሰርነው አትክልተኛውን ነበር። ምስኪኑን አትክልተኛ። የጌሙ መልክ ረግፏል፣ ድምፁ ግን እንዳለ ነው። ይሄን ያወቀችው የማታየው እማዬ ናት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
መጋዘኑ ተቃጠለ። የታናሼ መዳፍ በላብ ራሰ። "እሳቱ ውስጥ ግባ"ን ተጫነ። መርማሪው ጉንጬን ተሸክሞ አወጣው! ጮህን። እማዬ አጨበጨበች። ጉንጬ አቧራውን አራግፎ፣ ብስኩቱን አውጥቶ፣ መንገድ ሲሻገር... አምቡላንስ ገጨው።

ሊወስደው የመጣው አምቡላንስ!

ወደኋላ መለስነው። አምቡላንስ እንዳይጠራ አደረግን። ከደረጃ ወደቀ። እንደገና። አሁንስ እንዳይንቀሳቀስ ብለን ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ብስኩቱ አነቀው።

ታናሼ ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "እኔ አልገደልኩትም" አለ። "ምንም ብትመርጪ ይሞታል። ደራሲዎቹ ናቸው የጨረሱት።"

ያኔ አንዴ ብቻ ስለተጫወትነው ምርጫው የምር መስሎን ነበር። ሳቅ ገደለኝ። ከዚያ አፈርኩ። የምር አፈርኩ። "ይቅርታ" አልኩት።

"አሥራ ሁለት ዓመት!" አለኝ። "ያ ቡኒ ሶፋ!"

"ታዲያ ውርርዱ ፈረሰ ማለት ነው?" ምን አፌን አስከፈተኝ...

"የምን ውርርድ?" አለች እማዬ።

መርማሪው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ቁልፍ እስክንጫንለት ይጠብቃል።

እሁድ፣ ጥቅምት 16
እማዬ አኩርፋለች። ካፖርቱን እንኳ አታናግርም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
ዛሬ ተናገረች። "በዓይኔ ቁማር ተጫወታችሁ። አንድ ቀን እንኳ 'እማዬ፣ አንቺስ?' አላላችሁኝም።"

ክሊኒኩ ጋ ራሷ ደውላለች። ቁጥሩን ጎረቤታችን አንብባላት። ቀጠሮው ሐሙስ፣ ጥቅምት 27። ለካ ከመጀመሪያውም መታከም ትፈልግ ነበር። እኛ እስክንስማማ ነው ጭጋግ ውስጥ የተቀመጠችው።

"አንቺ ግን ምን እስኪመጣ ነበር የምትጠብቂው?" አለችኝ።

"ፈርቼ ነው" አልኳት። "ጭራሽ ብትታወሪስ ብዬ።" ይሄን ቃል ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

"እኔም እፈራለሁ" አለች። "ስለዚህ የምትወስጂኝ አንቺ ነሽ። ወንድምሽ አይፈራም፣ ከማን ጋር ልንቀጥቀጥ?"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27
ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ነርሷ ወጥታ ውሃ የሰጠችው ለኔ ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት 30
ፋሻው አርብ ተነሳ። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። "ሸብተሻል!" አለችኝ። "ማን ሊነግረኝ ነበር?" ከዚያ ቀኑን ሙሉ ቤቱን እየዞረች ያላጸዳሁትን ቦታ ሁሉ አሳየችኝ።

ዛሬ ጌሙ ይከፈት አለች። መርማሪው ከዝናቡ ወጥቶ ፊቷ ቆመ። ቀረብ ብላ አየችው።

"ይሄ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ይሄ የቀለጠ ሻማ?"

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔና ታናሼ "ዓይንሽን እንዳታሺው!" እያልን ጮህን።

ከዚያ መርማሪው በግራው በር ይግባ በቀኙ ክርክር ተነሳ። ታናሼ ግራ፣ እኔ ቀኝ። እሱ "ተራው የኔ ነው"፣ እኔ "የቱ ተራ!" መሐል ላይ ቀና ስል እማዬ ቴሌቪዥኑን ትታዋለች። ወንበሯን ወደኛ አዙራ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

"እማዬ፣ ጌሙ እኮ በዚያ ነው" አልኳት።

"እሱን ሰምቼዋለሁ" አለች። "ስትጨቃጨቁ ፊታችሁ ምን እንደሚመስል ነበር የረሳሁት። ቀጥሉ።"

ተያየን። የምንጨቃጨቅበት ጠፋን።